ጥይቱ የተገኘለት ሽጉጥ

ሌላው አገር ሰው «ጮሌ» ሲባል የሚታየው ፈጣን ፈረስ ወይም ብልጣብልጥ ሰው ነው። ለእኛ ጮሌ አገር ነው፤ ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለ፣ ገብስ የሚያበቅል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የአርሲ ደጋ። እዚያ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበራቸው። በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ከሣጥን ግርጌ ይኖራል፤ በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ይወጣል። ሲወጣ በዘይት ይወለውሉትና ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ብረት በአውራ ጣታቸው እያሾሩ «ጠቅ... ጠቅ...» ያሰኙታል። ሚሊሻ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው» ይላቸዋል።

«ያንተው ቆርቆሮ ነው፤ ብረትስ የእኔ።»

«ጥይቱስ የታል?»

እዚህ ላይ ጨዋታው ይቆማል። የአዛውንቱ ሽጉጥ ጥይቱ ካለቀ ዘመን አልፎታል።

አሮጌው ሽጉጥ ይሻላል ወይስ አዲሱ የሚለው ክርክር በየአገሩ አለ። አሜሪካዊው ሱቅ ገብቶ፣ በእጁ መዝኖ፣ እጀታውን ጨብጦ ይመርጣል። በእኛ አገር ምርጫው እንዲህ ተደርጎ አያውቅም። ሰው ወደድኩት የሚለው ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥቱ በዚያን ዘመን ከማን ጋር እንደ ተወዳጀ የሚናገር ነው። ይህ ታሪክ በአደባባይ ብዙም አልተነገረም፤ ለምን ቢባል ቃሉ ራሱ መልሱን ይዟል። ሽጉጥ ከ«ሸጎጠ» የወጣ ነው፤ በመታጠቂያ ሥር የሚወሸቅ። ጠመንጃ ይነገታል፣ ይፎከርበታል፤ ሽጉጥ ግን ይሸጎጣል። ስለዚህ የምናውቀው ቁርጥራጩን ነው፦ የቴዎድሮስን ሞት፣ የቃኘውን ዘማች፣ የደርግን መኮንን ወገብ።

መቅደላ፣ 1860 ዓ.ም.

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። አማርኛ ለዚህ አሟሟት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘም፤ እስከ ዛሬም «ሽጉጡን ጠጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰቡት እሳቸው ናቸው።

ሽጉጡ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከ ገጸ በረከት ነበር። ከቴዎድሮስ ጋር የተወዳጀው ቆንሲል ፕላውደን በሽፍቶች እጅ ከሞተ በኋላ በቦታው የተተካው ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. አምጥቶ ሰጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ለፕላውደን ስላሳዩት ደግነት የምስጋና ቃል ተቀርጾበታል። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፣ ፈረንጆቹ ታሰሩ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ዘመተ። የሰጪዋ ወታደሮች አምባውን ሲወጡ ተቀባዩ በስጦታዋ ሞቱ።

ያ ዘመን የመሣሪያ ትውልዶች የተላለፉበት ነው። የድሮው ሽጉጥ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ይጨመርበታል፤ አንዴ ይተኩሳል፣ ከዚያ ዱላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ሳሙኤል ኮልት የተባለ አሜሪካዊ ጥይት የሚጎርሱ ጉድጓዶች ያሉትን ክብ ብረት ከአፈሙዙ ጀርባ አዙሮ፣ አንድ ሰው ሳይሞላ አከታትሎ እንዲተኩስ አደረገ። ቴዎድሮስ አዲስ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን ሰብስበው ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያስቀለጡት ለዚህ ነው። ጦራቸው ግን አሮጌውን መሣሪያ እንደያዘ ቀረ። ሚያዝያ 3 ቀን የእንግሊዝ ወታደር ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ይዞ መጣ፤ ተኝቶ ይሞላል፣ ተኝቶ ይተኩሳል። የቴዎድሮስ ሰው ግን ዝናብ እየወረደበት፣ ቆሞ ባሩድ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ውጊያው የተደረገበት ሜዳ ስም «አሮጌ» ነው። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ቦታው ድሮም ስሙ ይኸው ነበር።

አዙሌ፣ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም.

መሣሪያ አርሲ የደረሰው በአፈሙዙ በኩል ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አርሲ ተደጋጋሚ ዘመቻ አደረጉ። አርሲዎች ጦርና ጋሻ ይዘው፣ በፈረስ ተዋጉ፤ ምኒልክ ራሳቸው ለጥቂት የተረፉበት ውጊያም አለ። አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ይህ ትግል በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ አዙሌ ላይ ተቋጨ። ድል ያደረጉት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከምኒልክ ጋር በቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ የታሰሩት እኒሁ ዳርጌ ኋላ የአርሲ ገዢ ሆኑ። በአዙሌ በሺዎች የሚቆጠር አርሲ ያለቀው በጀግንነት ተበልጦ አይደለም። ጦር የሚወረወርበት ርቀትና ጥይት የሚደርስበት ርቀት ስለማይገናኙ ነው።

«ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ዛሬ የፖለቲካ ስድብ ሆኗል። በጊዜው ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ነፍጥ የያዘ ሰው ማለት ነው። ነፍጡን ለያዘው መሬትና ገባር ይሰጠዋል። የአርሲ ገበሬ በገዛ መሬቱ ጭሰኛ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ጠመንጃው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያረጅ፣ ሽጉጡ ከካባው ሥር ቀረ። ጭሰኛ እህል ሲሰፍር ማን እንደታጠቀ ያውቃል፤ መታየት አያስፈልገውም።

ጥይት ገንዘብ የሆነበት ዘመን፣ ከ1879 እስከ 1922 ዓ.ም.

በ1879 ዓ.ም. አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። ስሙ አርተር ራምቦ ነው፤ ግጥም ትቶ ንግድ የጀመረው ዝነኛው ገጣሚ። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ውስጥ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ። ከምኒልክ ጋር በዋጋ ተከራክሮ ተሸነፈና ተበሳጭቶ ወጣ። ጉዳዩን የማነሣው ለሳቅ አይደለም፤ አውሮፓ አዲስ ባወጣ ቁጥር አሮጌው ወደ እኛ ይፈስ እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። ፈረንሳይ ለበል የተባለውን ጠመንጃ ስታወጣ፣ የቀድሞው «ፉዚ ግራ» ሐበሻ ምድር መጥቶ «ውጅግራ» ተባለ። ስናድር፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ... የመሣሪያ ስም ዝርዝራችን የአውሮፓ ጦር ግምጃ ቤቶች የጥራጊ መዝገብ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በዚያው ጥራጊ አድዋ ላይ ድል መደረጉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የታየ ነው።

ጠመንጃ ሲበዛ ጥይት ተፈለገ። በገበያ የግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ ዋለ፤ ሰው ጥይት ከፍሎ ዕቃ ገዛ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ብረቱ ጌጥ፣ ጥይቱ ገንዘብ። የአንድ መሣሪያ ክብር የሚለካው በእርጅናው ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን ጥይቱ ገበያ ላይ በመገኘቱ ነበር።

በሽጉጡ ዓለም ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ቤልጅግ አገር፣ ሊዬዥ አጠገብ የሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ጆን ብራውኒንግ ከተባለ አሜሪካዊ ጋር ተዋውሎ እ.ኤ.አ. በ1900 አዲስ ዓይነት ሽጉጥ አወጣ። ጥይቱ በእጀታው ውስጥ ባለ ካዝና ይደረደራል፤ አንዱ ሲተኮስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ቀለሃውን ይተፋል፣ ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ጀርመኖች ከዚያ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1896 ማውዘርን አውጥተዋል፤ ወጣቱ ቸርችል ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ኦምዱርማን ላይ የታጠቀው እሱን ነበር።

የጮሌው አዛውንትና የወንድማቸው ልጅ ክርክር የተወለደው እዚህ ነው። የባለ ስድስት ጎራሹ ወዳጅ የሚለው አለው፦ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ክቡ ዞሮ ሌላ ያቀርባል። ባለ ካዝናው ግን ከከሸፈ በሁለት እጅ ካልተቀባበለ አይነቃም፤ አቧራ ከገባበትም ይነክሳል። (ዛሬ ዕቅድም መፈንቅለ መንግሥትም «ከሸፈ» የምንለው ከዚሁ ከጥይት ወስደን ነው።) የአዲሱ ወዳጅ መልስም የዋዛ አይደለም፦ ብዙ ይጎርሳል፣ ቶሎ ይሞላል፣ ጠፍጣፋ ስለሆነም ከካባ ሥር አያብጥም። ሽጉጥ በእርግጥ ለስሙ የበቃው፣ መሸጎጥ የቻለው፣ ብራውኒንግ ሲመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ክርክሩ ለባላባትና ለመኳንንት እንጂ ለአገሩ ሰው አልነበረም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ገደብ ጣሉ። ኢትዮጵያ ወደብ አልነበራትምና የጅቡቲ፣ የዘይላና የምጽዋ ባለቤቶች በፈለጉ ጊዜ በሩን ይዘጋሉ። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር መሣሪያ የማስገባት መብቷን የሚያውቅ ስምምነት የተፈረመው በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ነው፤ ለወረራው አምስት ዓመት ሲቀረው።

ከጠላት የሚገኝ ጥይት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ሲሻገር ኃያላኑ የመሣሪያ ማዕቀብ ጥለው ነበር። ማዕቀቡ በስም ለሁለቱም ነው፤ ጣሊያን ግን የራሱ ፋብሪካ አለው። የኢትዮጵያ ወታደር ደግሞ ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ለበን ይዟል። ጎረቤቱ ሲወድቅ ጥይቱን ቢያነሣም ለእሱ መሣሪያ አይሆንም። ይህን የመሰለ መከራ አንድ ዓይነት መሣሪያ የታጠቀ ሠራዊት አያውቀውም።

ወራሪዎቹም በሽጉጥ ረገድ ሁለት ልብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው ቦዴዎ የተባለ ባለ ስድስት ጎራሽ ገና ከእጃቸው አልወጣም፤ አዲሱ የ1934ቱ ቤሬታ ደግሞ ባለ ሰባት ጎራሽና ትንሽ፣ ገና ከፋብሪካ የወጣ ነው። አርበኛው የትኛውን ይመርጣል? የማረከውን። ያውም በጎ ምርጫ ነበር፤ የጣሊያን ሽጉጥ የያዘ አርበኛ የሚቀጥለውን ጥይት ከየት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ከሚቀጥለው ጣሊያን ነው። በታሪካችን መሣሪያና ጥይት በእርግጥ የተገናኙበት ጊዜ ቢኖር ይኼ አምስት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።

በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ከኃይለ ሥላሴ ጋር የገቡት የእንግሊዝ መኮንኖች ደግሞ ዌብሊን ይዘው መጡ። ከወገቡ ታጥፎ የሚከፈት፣ ቀለሃዎቹን ባንዴ ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ከባድ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው። ዓለም ወደ ካዝና ሲሄድ እንግሊዝ በአሮጌው ሙጭጭ ብላ ነበር።

ኮልት፣ ከ1943 እስከ 1966 ዓ.ም.

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት ተፈረመ፤ አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘውን ጣቢያ ያዘች፣ ኢትዮጵያ መሣሪያና አሠልጣኝ አገኘች። ከዚያ ወዲያ የዘመናዊ መኮንን ምልክት ኮልት ሆነ።

ይህ ኮልት የመጀመሪያው ኮልት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ የተቀበለችው የብራውኒንግ ሥራ ነው። የመጣበት ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው፤ አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ውስጥ የሞሮ ተዋጊዎች በትንሿ ጥይት ተመትተው እንኳ ወደፊት እየመጡ ሲያስቸግሯቸው ትልቅ ጥይት ፈለጉ። ውጤቱ 11 ሚሊ ሜትር ከምናምን የሚሰፋ ጥይት፣ ሰባት ጎራሽ፣ ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው። ጥቂት ይጎርሳል፤ የጎረሰው ግን ይከብዳል። ዛሬ እንኳ «የድሮ ኮልት» ሲባል የብዙ ሽማግሌ ፊት ይፈካል። እኔ ግን ፍቅሩ ለብረቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ደመወዝ በወሩ ይከፈል ለነበረበት፣ መለዮው ተተኩሶ ይለበስ ለነበረበት ዘመን ጭምር ነው።

አርሲ በዚያ ጊዜ ሌላ ለውጥ ላይ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አሰላ ላይ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የግብርና ልማት፣ ካዱ፣ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ትራክተር መጣ። መሬቱ ማፍራት ሲጀምር ባለመሬቱ ጭሰኛውን ማፈናቀል ጀመረ። ከዋቢ ሸበሌ ማዶ፣ ባሌ ውስጥ፣ የዋቆ ጉቱ አመፅ ከሶማሊያ በመጣ መሣሪያ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቷል። ደጋው ጸጥ ያለ ይመስል ነበር።

ማካሮቭ፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ። እንደ አርሲ ባለ በጭሰኝነት በኖረ አገር ይህ አዋጅ ምን ማለት እንደነበር ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈልጋል፤ ለዚህ ትረካ የሚበቃው፣ ነፍጥ ከባለመሬት እጅ ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበር ጥበቃ ጓድ መዞሩ ነው። ከአዙሌ 89 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ ግን ሽጉጥ ሌላ ስም አገኘ። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ተከትሎ የመጣውን የነጭና የቀይ ሽብር ዘመን የኖረ ሰው ሽጉጥን የሚያስታውሰው በጥሩ አይደለም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ስንቱ የአባቱን ማስታወሻ፣ ማውዘርና ብራውኒንግ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጣለ። የጥንታዊ ሽጉጥ ትልቁ ስብስባችን ምናልባት በአዲስ አበባ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓዶች ውስጥ ይሆናል።

ወሳኙ መታጠፊያ የመጣው ከወር በኋላ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ ተልእኮ ዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ማራገፍ ጀመሩ፤ በየካቲት መጨረሻ ጅጅጋ ነጻ ወጣች። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሠራዊት ከነልማዱ ተለወጠ፤ ከጋራንድ ወደ ክላሽንኮቭ፣ ከኮልት ወደ ማካሮቭ።

ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 ሶቪየት ኅብረት የተቀበለችው ነው። ስምንት ይጎርሳል፣ ክብደቱ 730 ግራም ያህል ነው፣ ጥቂት ክፍል ስላለው መፍታትና መግጠሙ አያስቸግርም። ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ጥይቱ ላይ ነው። «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» ይባል እንጂ ከምዕራቡ ዘጠኝ በጥቂት ነጥብ ይወፍራል፤ በርዝመትም ይለያል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሞስኮ ሽጉጥ ስትሰጥ ሽጉጥ ብቻ አልሰጠችም። ኮልቱ ደግሞ ምንም ሳይበላሽ፣ ምንም ሳይዝግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወላጅ አልባ ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ያ ግዙፍ ሠራዊት ሲበተን መሣሪያው በየቤቱ ገባ። የጮሌው ወጣት ማካሮቭን ዘመናዊ ነው ብሎ ሲከራከር፣ የሽጉጡ ንድፍ ከራሱ በእድሜ እንደሚበልጥ አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ 17 የሚጎርስ ሽጉጥ ካወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አዛውንቱ «ቆርቆሮ» ያሉት ማካሮቭ ከእሱ አንጻር ጥንታዊ ብረት ነው።

ባለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ በየኬላው በጭነት መኪና ተደብቀው የተያዙ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች ዜና ሰለቸን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወሰነ። የአዛውንቱም የወንድማቸው ልጅም ምርጫ ከዚህ በኋላ በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል፤ ደግ ተደረገ እላለሁ።

አርሲን በዓለም ያሳወቀው የሽጉጥ ድምፅ ግን ይኼ ሁሉ አይደለም። የበቆጂዋ ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና፣ የአሰላው ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ለአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ የተነሡት በማስጀመሪያ ሽጉጥ ድምፅ ነው። እዚያም አሮጌና አዲስ አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ በአጭር ርቀት ሩጫ ከሽጉጡ የራቀው ሯጭ ከቀረበው ዘግይቶ ይሰማል። ለዚህ ሲባል ድምፁን በየሯጩ ጀርባ ባለ ድምፅ ማጉያ የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክ ሽጉጥ ተሠርቶ በለንደን ኦሊምፒክ አገለገለ፤ በ2004 ዓ.ም. ሌላዋ የበቆጂ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ በአሥር ሺህ ሜትር ያሸነፈችበት ኦሊምፒክ ነው። ያኛው ሽጉጥ ጥይት አይጎርስም።